ጥያቄና መልስ፦ የኑቢያ ቅስት ጣሪያ፣ ያለ እንጨትና ያለ ቆርቆሮ፣ በደረቀ የጭቃ ጡብ

ከሰቆጣ፦ ጋሼ፣ መደገፊያ እንጨት ከሌለ ጭቃው እስኪደርቅ ቅስቱን ምን ይሸከመዋል?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የጡቡ ረድፍ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ጋደም ይላል። የኋላውን ግንብ እስከ ጣሪያው ጫፍ ታወጣለህ። የግራና የቀኙ ግንቦች ቅስቱ ከሚነሳበት ላይ ይቆማሉ፤ ቅስት ወደ ውጭ ስለሚገፋ ውፍረታቸው ከ60 ሳንቲሜትር አይነስ። ጡቡ 24 በ12 በ4 ሳንቲሜትር፣ ጭድ የበዛበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ጎዶሎ ናቸው፦ ከሁለቱ ጥግ ተነስተው፣ የኋላውን ግንብ ተደግፈው፣ እየረዘሙ ሄደው አናት ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ረድፍ በፊተኛው ላይ ይተኛል። ደረቅ ጡብ የጭቃውን ውሃ ስለሚመጥ ወዲያው ይይዛል። በጡብና በጡብ መካከል ወደ ላይ በሚሰፋው ክፍተት ጠጠር ስካበት፤ ካልሰካህ ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተርና ረድፉ ይወርዳል። ቅርጹን የሚጠብቀው ከኋላው ግንብ ወደ ፊተኛው ግንብ የተወጠረ ገመድና በእሱ ላይ የምትንሸራተት፣ በልክ የተቆረጠች ሲባጎ ናት። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1941፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንጨትና ብረት ባሳጣው ጊዜ፣ በደቡብ ግብፅ ካሉት ከአስዋን ኑቢያውያን ግንበኞች ነው። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ያሉት የራምሲየም (የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደስ) ጎተራዎች በዚሁ ዘዴ ተሠርተው ከ3,200 ዓመት በላይ ቆመዋል።

ከጎዴ፦ ስፋቱ 5 ሜትር ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የሚሠሩት ከ3.25 ሜትር አያልፉም። ርዝመቱን እንደ ፈለግህ አድርግ፤ ስፋት ካስፈለገ ሁለት ቅስት ጎን ለጎን።

ከመቀሌ፦ ሕድሞ፣ የድንጋዩ ባለ አፈር ጣሪያ ቤታችን፣ እያለን የሰው አገር ቅስት ምን ያደርግልናል?

ከሰቆጣ፦ የሕድሞውን ጽድና ወይራ ከየት እናምጣው? ግንዱ አልቋል እኮ!

ከመቀሌ፦ ድንጋዩና አሠራሩ ግን የራሳችን ነው፤ ባሕር ዛፍም ይተካዋል።

ከሰቆጣ፦ ባሕር ዛፉን ምስጥ ሲበላው ጣሪያው ከነአፈሩ ይወርዳል።

መልስ፦ ሕድሞ ጥሩ ቤት ነው። ጥያቄው ግን እንጨት ለሌለው ነው፤ እንመለስ።

ከጅግጅጋ፦ ጡቡ ስንት ያስፈልጋል? ዋጋውስ?

መልስ፦ አንድ ረድፍ ደርድረሽ ቁጠሪና በረድፎቹ ብዛት አባዢ። አንዱ ረድፍ ከነጭቃው 5.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 73 ረድፍ ይሆናል። ለስባሪ አንድ አሥረኛ ጨምሪ። ዋጋውን የአካባቢሽ የቀን ሠራተኛ ይወስነዋል።

ከጎዴ፦ አፈሩስ የትኛው ነው?

መልስ፦ መረሬ እንዳትነካ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈሩን ከውሃ ጋር በብርጭቆ በጥብጠህ አስቀምጠው፤ አሸዋው ታች፣ ሸክላው ላይ ይዘቅጣል። አሸዋው ካነሰ ጨምርበት። ጡቡን በሦስተኛው ቀን በጎኑ አቁመው፣ 3 ሳምንት አቆየው፣ አንዱን ስበረው። መሃሉ ከጠቆረ አልደረቀም፤ ባልደረቀ ጡብ ቅስት አይሠራም።

ከሰቆጣ፦ ላዩን በሲሚንቶ ብንለስነውስ?

መልስ፦ አይሆንም! ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃው ከሥሩ ይገባል፣ መውጫ አጥቶ ጭቃውን ያላላዋል፤ ጉዳቱም ከላይ አይታይም። በእሱ ፋንታ መጀመሪያ ጭቃ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ፣ እንደገና በጭድ የተቦካ ምርጊት። የላይኛውን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አድሰው። አሸንዳው ከግንቡ ግማሽ ሜትር ይውጣ።

ከሰመራ፦ ለእኛስ?

መልስ፦ ለአፋርና ለስምጥ ሸለቆ አልመክርም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ ያየነው ዓይነት መንቀጥቀጥ ይህን ጣሪያ ሰው ላይ ይጥለዋል።

አዲስ አባል፦ እንዴት ነው የሚሠራው? በዝርዝር ንገሩኝ።

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል፤ አንብብና የቸገረህን ለይተህ ጠይቅ።

ከጅግጅጋ፦ ሥራው መሃል ላይ ዝናብ ቢመጣስ?

መልስ፦ ላስቲኩ ከመጀመሪያው ቀን አጠገብሽ ይሁን። ቅስቱ ከራሰ ማንም እንዳይወጣበት፣ ከሥሩም እንዳይቀመጥ። ጡቡ እስኪደርቅ ሥራው ይቁም።