የኢም መንደር መቃብሮች የት ናቸው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው እንግሊዝ ነው። ደርቢሸር ያለችውን፣ በወረርሽኝ ታሪኳ የምትታወቀውን ኢምን ከልጆቼ ጋር ልናይ አስበናል። ከየት እንጀምር? ሟቾቹስ የተቀበሩት የት ነው?

መልስ፦ ከቅዱስ ላውረንስ ቤተ ክርስቲያን ይጀምሩ። ግቢው ውስጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል፤ ከዘንጉ አንዱ ክፍል ስለጠፋ አጠር ብሎ ይታያል። የቄሱ የዊልያም ሞምፐሰን ሚስት የካትሪን መቃብርም እዚያው ነው።

አብዛኞቹን ሟቾች ግን በግቢው አይፈልጉ። ወረርሽኙ የገባው በ1665 እ.ኤ.አ. ከለንደን ለልብስ ሰፊ በተላከ ጨርቅ እንደሆነ ይነገራል። በጁን 1666 ነዋሪው ከመንደሩ ላለመውጣት ተስማማ፤ በግቢው መቅበርም ቀረና እያንዳንዱ ቤተሰብ የሞተበትን በማሳውና በጓሮው ቀበረ። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው የታሪኩን ዋና ክፍል የሚያጣው ለዚህ ነው። ከመንደሩ ወጣ ብለው ራይሊ መቃብሮችን ይመልከቱ፤ እዚያ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባለች ሴት በ8 ቀን ውስጥ ባሏንና 6 ልጆቿን ብቻዋን ቀብራለች። ለትንንሽ ልጆች ከባድ ታሪክ ነውና አስቀድመው ያዘጋጇቸው።

ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ የወሰን ድንጋይ አለ። በላዩ 6 ቀዳዳዎች አሉት። ነዋሪዎቹ ቀዳዳዎቹን ኮምጣጤ ሞልተው ሳንቲም ይነክሩባቸው ነበር፤ ኮምጣጤ በሽታውን ያጠፋል ብለው ያምኑ ስለነበር። የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግብ አስቀምጠው ገንዘቡን ይወስዳሉ። ልጆች ጣታቸውን ከትተው ሊነኩት ይችላሉ። መንገዱ ሜዳ አቋርጦ ስለሚያልፍ ዝናብ ሲጥል ይጨቀያል፤ ቦቲ ያድርጉላቸው።