ለሠርግ ብላችሁ የሚያሸና ክኒን አትዋጡ

ልጆቼ፣ ፒያሳ አካባቢ በሐኪምነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ የሚያሸና ክኒን አትዋጡ።

አንዲት ሙሽራ ነበረች። ቬሎው ጠበበኝ ብላ ክኒኑን ከጓደኛዋ ተቀበለች። በጥቂት ቀን 3 ኪሎ ቀነሰችና ደስ አላት። በሳምንቱ እህቷ ደግፋ ወደ እኔ አመጣቻት። እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል፤ ልቧ እየዘለለ ይመታል። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ፣ ማለትም ለጡንቻና ለልብ ሥራ የሚያስፈልገው ማዕድን፣ ክፉኛ ወርዷል።

ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል። የምንሸናው ግን ብዙውን ጊዜ 1 ከግማሽ ወይ 2 ሊትር ነው። ሌላው ወደ ደም ይመለሳል። ስንቱ ይመለስ፣ ስንቱ ይውጣ የሚለውን በየሰዓቱ የሚያስተካክሉት ሆርሞኖች ናቸው።

ማታ ጨው የበዛበት ጥብስ በልታችሁ ሌሊት ውሃ ፍለጋ ትነሱ የለ? ደማችሁ ውስጥ ጨው ሲበዛ አንጎል ያውቀዋል። ያስጠማችኋል፤ ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞንም ይለቃል። እሱ በኩላሊት ቱቦዎች ላይ ጥቃቅን የውሃ በሮችን ይከፍታል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ሽንት ይጠቁራል። እኔ ስማር እነዚህ በሮች ገና አልታወቁም ነበር። እንዲህ ያሉትን የውሃ በሮች መጀመሪያ ያገኘው ሳይንቲስት ፒተር አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲካፈል የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ጨውን የሚያስቀረው ደግሞ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ነው። የሚመነጨው ኩላሊት አናት ላይ ከተቀመጠችው ዕጢ ነው። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ኩላሊቱ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል፤ በዚያ ሰበብ አልዶስቴሮን ይጨምራል። አልዶስቴሮን በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ይይዛል፣ ፖታሲየምን ግን በሽንት ያስወጣል።

የሙሽራዋም ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ ጨውና ውሃዋን አስወጣ። ሰውነቷ ጎደለብኝ ብሎ አልዶስቴሮኑን አበዛ። ፖታሲየሟን ክኒኑም ሆርሞኑም ተረባርበው አሟጠጡት። ፖታሲየም ሲጎድል ደግሞ የልብ ምት ይዛባል፤ ሊገድልም ይችላል። የቀነሰችው ስብ ቢሆን እንኳ ባላሳዘነኝ፤ ውሃ ብቻ ነው። ክኒኑን ስታቆም ሰውነቷ ጨው መያዙን ቶሎ አልተወም፤ ኪሎው ተመለሰ፣ ፊቷም አበጠ።

መድኃኒቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ልባቸው ለደከመና ደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ሐኪም ካዘዘላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። የአያታችሁን ብልቃጥ ግን አትንኩ።

ልጅቷ ድናለች። ቬሎውንም ልብስ ሰፊ ጎንና ጎኑን ለቀቅ አደረገላት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።