ቤተ ሙከራና ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሙከራ ዕቃ የለንም፤ ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ሲሆን ኢንተርኔቱም መብራቱም ይቆራረጣል። ሳልከፍል የምጠቀምበት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አለ። ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተውን ፌት (PhET) የተባለ በኮምፒውተር የሚሠሩ የሙከራ ማሳያዎች ስብስብ ነው። ኔትወርክ ባገኙ ቀን ማሳያዎቹን አንድ በአንድ አውርደው ላፕቶፕዎ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታሉ። ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ዑደት ማሳያው ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አገናኝተው ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርጉ ኤሌክትሮኖቹ ሲፈጥኑና አምፖሉ ሲደምቅ ይታያል፤ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ ብቻ ካገናኙ ደግሞ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፤ ይህን በእውነተኛ ዕቃ ለማሳየት የሚደፍር መምህር ያለ አይመስለኝም።

ፕሮጀክተር ከሌለ ተማሪዎቹን በቡድን በቡድን ወደ ላፕቶፑ ያቅርቧቸው። ቁልፉን ከመንካታቸው በፊት ግን ምን እንደሚሆን ገምተው በደብተራቸው እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ ማሳያው ከመዝናኛ አያልፍም ብዬ አምናለሁ።

ለሒሳብ ባልደረቦችዎ ጂኦጄብራ (GeoGebra) የተባለው የጂኦሜትሪና የአልጀብራ ማስተማሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ የዋይፋይ ራውተርና ጥቂት ታብሌቶች ካሉት፣ ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ቀድመው የወረዱ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት ለታብሌቶቹ ማዳረስ ይቻላል። «ለጊዜው በነፃ ይሞክሩት» እያለ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅዎትን ፕሮግራም ግን ይለፉት።