የተበዳይዋ ጠበቃ ወንበር የቱ ነው? ከጅማ ለጻፈችልን የሕግ ተማሪ

ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የ4ኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነሽ፤ ስትመረቂ ፆታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ጥብቅና መቆም ትፈልጊያለሽ፤ አባትሽ ግን «በዚህ እንጀራ አይበላም» ይላሉ። ከየት ልጀምር ብለሻል።

በመጀመሪያ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱትን እናጥራ። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ ክሱ የመንግሥት ነው። የሚከሰውም፣ ምስክር የሚያሰማውም ዐቃቤ ሕግ ነው። ተበዳይዋ ለምስክርነት ትጠራለች እንጂ የወንጀል ክሱን በራሷ ጠበቃ አትመራም። ስለዚህ ተከሳሹን ፊት ለፊት መሞገት ከሆነ የምትፈልጊው፣ ማመልከት ያለብሽ ለዐቃቤ ሕግነት ነው። ዋጋው ደግሞ መዝገብ አለመምረጥ ነው፤ የስርቆቱም የድብድቡም ፋይል አንቺው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

ጠበቃ ወይም የነፃ ሕግ ድጋፍ ባለሙያ ከሆንሽ ሥራሽ ከችሎቱ በፊትና በኋላ ይበዛል። ቃል ስትሰጥ አብረሻት ትሆኛለሽ፣ መዝገቡ የት እንደደረሰ ትከታተያለሽ፣ ፍቺና ቀለብ ካለ ትይዣለሽ፣ ካሣ ትጠይቂያለሽ። ካሣው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 154 ተበዳይ የካሣ ጥያቄዋን እዚያው የወንጀል ችሎት እንድታቀርብ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ግን ክሱ መሰማት ሲጀምር ነው። ቀጠሮውን የሚነግራት ስለሌለ ዕድሉ ያልፋል። ያ ካለፈ የፍትሐ ብሔር ክስ አለ። የክስ ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ሲሆን፣ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143)። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ መውጣቱም የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም (ቁጥር 2149)። የዳኝነት መክፈያ ከሌላት በደሃ ደንብ እንድትከስ ታስፈቅጂያለሽ።

ክሱን ስትጽፊ «የሞራል ካሣ» ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠዪ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞራል ካሣን በ1,000 ብር ገድቦታል (ቁጥር 2116)፤ ዛሬ ይህ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ አንቺም ታውቂያለሽ። የሚያዋጣው ኪሳራን መቁጠር ነው፦ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ የተቋረጠ ትምህርት፣ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚያስፈልግ የሥነ ልቦና ሕክምና። ደረሰኙን ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጪላት።

መዝገብ በብዛት የሚበላሸው ዕድሜ ላይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው፤ 13 ሞልቷት 18 ካልሞላት አንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይላል። 18 ሞልቷታል ከተባለ ደግሞ አንቀጽ 620 ላይ እንወድቃለን፤ ያኔ ኃይል ወይም ዛቻ መኖሩን፣ ወይም መከላከል እንዳትችል መደረጓን ማስረዳት ግድ ነው። የጥቂት ወራት ልዩነት ክሱን ይገለብጠዋል ማለት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ብዙዎች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። በሐኪም የሚደረግ የአጥንት ራጅ ምርመራ የሚሰጠው ግምት ነው፤ «ከ12 እስከ 14» ተብሎ ከመጣ ተከላካዩ 14ቱን ይዞ ይሟገታል። ስለዚህ ከራጁ ጎን የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያ ሰነድ በመጀመሪያው ሳምንት አሰባስቢ። ትምህርት ቤቶች ዕድሜን በግምት ስለሚጽፉ ሁለት ሰነድ ሲጋጭ ምክንያቱን ከተቃራኒ ወገን በፊት አንቺ እወቂው።

ሌላው የሚያልፍ ነገር ሰዓት ነው። ጥቃቱ ትናንት ከሆነ ከማንኛውም ወረቀት ሆስፒታል ይቀድማል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከምርመራው በፊት አትታጠብ፤ ልብሷ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ካረገዘች የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 እና 552 ጽንሱን ማቋረጥ ይፈቅዳሉ፤ በጥቃት ማርገዟን ለማስረዳት የእሷ ቃል ብቻ ይበቃል። የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ የሚል ካጋጠመሽ አንቀጽ 552ን አሳዪው።

ጅማ ላይ ደግሞ ቋንቋ አለ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ክሱም መልሱም በቁቤ ይጻፋል። መናገር ብቻ አይበቃሽም፣ መጻፍ ተለማመጂ። አማርኛ ተናጋሪ ሕፃን በአስተርጓሚ ስትመሰክር የአካል ክፍሎችን በቤት ስማቸው ትጠራለች፤ አስተርጓሚው አፍሮ በጥቅሉ «ደፈራት» ብሎ ካለፈው ዳኛው ድርጊቱን ሳይሰማ ይቀራል። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችል ባለሙያ እዚያው ተነሥታ ታስተካክላለች።

ሽምግልናን አትናቂው። ቤተሰብ ቢታረቅም ክሱ በሕግ አይቀርም፤ ነገር ግን ልጅቷን ዘመድ አገር ይልኳትና መዝገቡ ያለ ምስክር ይዘጋል። ከሽማግሌዎቹ ቀድመሽ እናቷን አግኚ። ከባድ ቅጣት ለሚያስከትሉ ወንጀሎች የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩንም ንገሪያት።

አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ከእነዚህ ደንበኞች ብቻ የቢሮ ኪራይ አይወጣም። የግል ቢሮ ከከፈትሽ የውርስ፣ የቤት ክርክርና የቡና ንግድ ውል ሥራ ጎን ለጎን ያዢ፤ ወርኃዊ ደመወዝ ከፈለግሽ ዐቃቤ ሕግነት ወይም የሕግ ድጋፍ ድርጅት ይሻላል። የጥብቅና ፈቃድም ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቂ፤ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚሰጠው አንድ ነው፣ ኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉን ፈቃድ ትጠይቂያለሽ።

ለአሁኑ ሴሚስተር፦ እነዚህ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ በዝግ ችሎት ስለሚታዩ እንደ ታዳሚ ገብተሽ አትማሪያቸውም። በዩኒቨርሲቲሽ ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ተመዝገቢና የመጀመሪያ ቃል መቀበልን ተለማመጂ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ፤ «ለምን አልጮኽሽም?» አይጠየቅም። ቃሏን አንዴ፣ በራሷ አባባል ጻፊው፤ በየቢሮው ደጋግማ በተናገረች ቁጥር የሚፈጠረው ትንሽ ልዩነት በመስቀለኛ ጥያቄ ይመዘዛል።