እህትህን በምን እንደምታግዛት

ሌሊቱን ተረከባት። ጎንደር፣ አዘዞ፣ በመጨረሻ ቀኖቿ ላይ ያለችውን እናታችሁን ብቻዋን የምታስታምም እህትህ «ምንም አልፈልግም» ካለችህ ደግመህ አትጠይቃት። ከፒያሳ ሄደህ በሳምንት ሁለት ቀን እደር፤ እሷ ሌላ ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛ።

ከመተኛቷ በፊት እነዚህን ታሳይህ፦

1. እናታችሁን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። አንሶላው ከሥር እንዳይጨማደድ፤ ቁስል የሚጀምረው መቀመጫና ተረከዝ ላይ ነው።
2. የመድኃኒት ሰዓት። ለእናታችሁ ሞርፊን (ከባድ ሕመም ማስታገሻ) ከታዘዘላት ሆድ ያደርቃል፤ የሚያለሰልስ አብሮ መታዘዙን ሐኪሙን ጠይቅ።

ጠያቂውም ራሱ ሥራ ነው። ቡናውን የምታፈላው እህትህ ናት አይደል? ጀበናውን ጎረቤት ይያዘው። እድርተኛውን «ከአሥር ሰዓት በኋላ ኑ» በል፤ የሚቀየም ካለም ይቀየም።

አንድ ጥንቃቄ፣ አክስቴን ስናስታምም ያየሁት፦ ዘመድ «አጥሚት ካልጠጣች» ብሎ ያስጨንቃል። እናታችሁ መዋጥ ሲያቅታት በግድ የምታጠጧት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ያኔ አፏንና ከንፈሯን በረጠበ ጥጥ ማራስ ይሻላል። እህትህ ኋላ «በረሃብ ገደልኳት» ብላ እንዳትብሰለሰል፣ ይህን ነርሷ በዘመድ ፊት ትንገራት።