የወታደር ዘለበትና የጦር ሜዳ ቅሪት ለመሰብሰብ ለምታስቡ ወጣቶች

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ያዙ፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካ ካሊፐር፣ ግራም የሚለይ ሚዛንና ደብተር። ከአራቱ ቸል የሚባለው ደብተሩ ነው፤ የስብስባችሁን ዋጋ የሚይዘው ግን እሱ ነው። እደርስበታለሁ።

ሁሉንም ሠራዊትና ሁሉንም ዘመን አትመኙ፤ አንዱን መርጣችሁ ጠልቃችሁ እወቁት። ለጀማሪ የጀርመን ተራ ወታደር ዘለበት ጥሩ ነው። በብዛት ተመርቷል፣ አሠራሩም ከታሪኩ ጋር አብሮ ተለዋውጧል። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፕሩሲያ ወታደር ዘለበት ናስ ነበር፤ መሀሉ ላይ ዘውድና «ጎት ሚት ኡንስ»፣ ማለትም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክብ ነጭ የኒኬል ቅይጥ ተለጥፎበታል። ባቫሪያ፣ ሳክሶኒና ቩርተምበርግ የየራሳቸው ምልክትና መፈክር ነበራቸው። ናሱ ለጥይት ቀለህ ሲፈለግ ከ1915 ወዲህ ዘለበቱ ግራጫ የተቀባ ብረት እየሆነ መጣ። በሁለተኛው ጦርነትም በአሉሚኒየም ተጀምሮ፣ ጦርነቱ ሲገፋ ወደ ብረት ተዞረ። ስለዚህ አንዲት ማግኔት ስለ ዘመኑ ብዙ ትናገራለች። ከኋላ ያለው የቆዳ ምላስ ካልጠፋ ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ስምና ዓመት ይታተምበታል፤ ዓመቱ ከብረቱ ዓይነት ጋር ይስማማ እንደሆነ አመሳክሩ። የስፌቱን ቀዳዳዎችም እዩ። ክር ያልገባበት ትርፍ ቀዳዳ ካለ ምላሱ ከሌላ ዘለበት ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ዕቃ ሌላ ፈተና ነው። የሰሜኑ እግረኛ ይታጠቀው የነበረው «ዩ ኤስ» የሚል ሞላላ ዘለበት ስስ የናስ ገበታ በማተሚያ ተመትቶ፣ ጀርባው በቀለጠ እርሳስ ተሞልቶ፣ መንጠቆዎቹም እርሳሱ ውስጥ ተቀብረው የተሠራ ነው። የደቡቡ «ሲ ኤስ» (የተገንጣዮቹ ግዛቶች ምህጻረ ቃል) ቁጥሩ ያነሰ፣ ዋጋው የበዛ፣ ስለዚህም አስመሳዩ የበዛ ነው። ለመጀመሪያ ግዢ አትንኩት። በ1960ዎቹ፣ የጦርነቱ መቶኛ ዓመት ሲከበር የተሠሩ ቅጂዎች አሁን ራሳቸው አርጅተዋል፤ ስድሳ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ቅጂ የራሱን ጥቁረት አብቅሏል። ስለዚህ «አሮጌ ይመስላል» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

አስመሳይ የሚያጋልጠው አሠራሩ ነው። ቅጂ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ፣ ናስ ቀልጦ ተቀድቶ ይሠራል። የቀለጠ ናስ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይኮማተራል። 86 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ዘለበት 85 ወይም ከዚያ በታች ከወጣ፣ ፊደሎቹም ጠርዛቸው የላመ ከሆነ ጠርጥሩ። ልኬት ብቻውን ግን አይፈርድም፤ በብዙ አምራች እጅ ያለፉ እውነተኞቹም እርስ በርስ ይለያያሉ። በመነጽር ፊደሎቹ ሥር ተመልከቱ፦ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ የአየር ቀዳዳዎችና የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገጣጠሙበት፣ ጠርዙን የሚዞር መስመር የመቀዳት ምልክት ናቸው። በማተሚያ ተመትቷል በሚባል ዕቃ ላይ ሁለቱም ቦታ የላቸውም። ጀርባው ካልተሞላ ደግሞ የፊቱ ጽሑፍ ተገልብጦ ከኋላ ሊታይ ይገባል።

ከዚያ መበላቱን እዩ። ቀበቶ የታጠቀ ሰው ዘለበቱን እኩል አይፈገፍገውም። ከፍ ያሉት ፊደሎች፣ የመንጠቆው የውስጥ ጎንና ቆዳው የሚያልፍበት ጠርዝ ቀድመው ይሳሳሉ። በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበላ ዘለበት የአሸዋ ወረቀት ሥራ ነው። ዕቃውን ያረጀ ለማስመሰል በአሞንያ ጭስ ወይም በኮምጣጤና በጨው የመጣ አረንጓዴ ዱቄትነት አለው፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ይከማቻል። አሴቶን በሚባለው ቀለም ማስለቀቂያ የራሰ የጥጥ እንጨት በማይታይ ጥግ ላይ ስታሽከረክሩ ቀለም ከለቀቀ ዕቃው ተቀብቷል። መሬት ውስጥ የኖረ ናስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርብርብ ነው፦ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ ቀይ፣ ከዚያ ናሱ ራሱ።

አንዱን ከገዛችሁ በኋላ ትልቁ ፈተና እጅን መሰብሰብ ነው። የናስ ማንጸባረቂያ ቅባት አይንካው። የመቶ ዓመት ገጽ በአምስት ደቂቃ ይሄዳል፣ አይመለስምም። አፈር ካለበት በቀርከሃ ስንጥርና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ።

አረንጓዴው ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራና ጥቁር አረንጓዴ የሆነው ተረጋግቷል፣ ተዉት። ገርጣ ያለ፣ ዱቄት የሚመስል፣ ጠርጋችሁት በሳምንት የሚመለሰው ግን የነሐስ በሽታ ይባላል። ከአፈሩ የገባው ክሎራይድ ከእርጥበትና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ናሱን ይበላል፣ ዑደቱም አይቆምም። ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት፤ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት በታሸገ የፖሊኤትሊን (ፕላስቲክ) ሳጥን ውስጥ የአየሩን እርጥበት ከ40 በመቶ በታች፣ ከተቻለ 35 አካባቢ ያዙት። ቤንዞትራያዞል የሚባለውን መከላከያ ኬሚካል ለባለሙያ ተዉለት፤ ለጤና የማይመች ነገር ነው።

ከመሬት የወጣ ብረት ከዚህ ይብሳል። በደረቅ አየር እንኳ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካላበ ክሎራይዱ ውስጡ ነው፤ ከ20 በመቶ በታች እርጥበት ይፈልጋል። ብዙዎች ዝገትን በኤሌክትሪክ ወደሚያላቅቀው ኤሌክትሮሊሲስ ይሮጣሉ። የምትሞክሩት ከሆነ በሶዲየም ካርቦኔት ውሃ፣ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ ሃይድሮጅን ይወጣልና እሳት አይቅረብ። በአወንታዊው ጫፍ የማይዝግ ብረት አታስሩ፣ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። እርሳስ ያለበት፣ የተለበጠ ወይም የተበየደ ዘለበት ግን እዚያ ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

በእርሳስ የተሞሉት ዘለበቶች ሌላ ጠላት አላቸው፦ የኦክ መሳቢያ፣ ተራ ካርቶንና የተጨመቀ እንጨት። ከነዚህ የሚወጣው የአሲድ እንፋሎት እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ዱቄቱ መርዝ ነውና በብሩሽ አታቡንኑት፤ ጓንት አድርጉና ማስቀመጫውን ቀይሩ። ቆዳን ደግሞ ዘይት አትቀቡ። ዘይቱ ከናሱ ጋር ገጥሞ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ቆዳውንም ያጠቁረዋል። ቆዳ ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይወዳል፣ ብረቱ ደረቅ ይሻል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 40 አካባቢ ሳይዋዥቅ መያዝ የሚሻለው ስምምነት ነው።

ስለ ጥይት አጭር ልሁን፦ ያልፈነዳ አትሰብስቡ። ባሩድ በመቶ ሃምሳ ዓመት አይሞትም፣ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አያከሽፈውም፤ የእርስ በርስ ጦርነት የመድፍ ጥይት ሲቦረቡሩ የሞቱ ሰዎች በዚህ ዘመን አሉ። በአንደኛው ጦርነት የውጊያ ቦታዎች፣ በቤልጂየሙ ኢፐርና በፈረንሳዩ ቬርደን ዙሪያ፣ ማረሻ እስከ ዛሬ የመድፍ ጥይት ያወጣል፤ ከፊሉ መርዝ ጋዝ የያዘ ነው። ካያችሁ አታንቀሳቅሱ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ለፖሊስ ንገሩ።

በብረት መፈለጊያ ለመቆፈር የምታስቡ መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ። በአሜሪካ የ1979ኙ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማንሳትን ይከለክላል፤ በብሪታንያ የ1986ቱ ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላንን ያለ ፈቃድ መነካካትን ያግዳል። በጀርመን የናዚ ምልክት ያለበትን ዘለበት በአደባባይ ማሳየት ያስከስሳል። አጥንት ካያችሁ ቁፋሮው እዚያው ያበቃል። የሁለተኛው ጦርነት የጀርመን ወታደር መለያ ሞላላ ሲሆን፣ ሰውየው ሲሞት ግማሹ ተሰብሮ ይወሰድ፣ ግማሹ ከአስከሬኑ ጋር ይቀር ነበር። ሙሉውን ከአፈር ውስጥ ካገኛችሁት ሞቱ ያልተመዘገበ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰቡ እስካሁን መልስ እየጠበቀ ይሆናል። ያ መለያ የስብስብ ዕቃ አይደለም።

አሁን ወደ ደብተሩ። ሊትል ቢግ ሆርን በ1876 ውጊያ የተደረገበት የአሜሪካ መስክ ነው። በ1983 ሣሩ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ፣ በ1984 እና በ1985 አርኪዮሎጂስቶች የብረት መፈለጊያ ከያዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር የእያንዳንዱን ቀለህና የእርሳስ ጥይት ቦታ መዘገቡ። በቀለሁ ላይ ያረፈውን የመቺ መርፌ ዱካ ሲያነጻጽሩ፣ አንዱ ጠመንጃ ከየት ወዴት እንደሄደ በካርታ ላይ ታየ። ያ ቀለህ በኪስ ተይዞ ቢወጣ ኖሮ ናስ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ። በማይታይ ጥግ ላይ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ግልጽ ሙጫ በስሱ ቀቡ፣ ሲደርቅ ቁጥሩን ጻፉ፣ በላዩ ድገሙ፤ በአሴቶን ይነሳል፣ ብረቱን አይነካም። በደብተሩ ላይ ልኬት፣ ክብደት፣ የፊትና የጀርባ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር፣ ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ ይስፈር፤ በፈቃድ ከተቆፈረም የተገኘበት ቦታ በካርታ መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት)ና ጥልቀቱ። ሻጩ «ከእገሌ ውጊያ የወጣ ነው» ካላችሁ፣ «ሻጩ እንዲህ አለ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ማስረጃ እስኪመጣ ከዚያ በላይ አትጻፉ።