አሥራት ላውጣ ብዬ የእናቴን ልቀንስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ደሴ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 9,000 ብር ነው። 3,000 ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ወረኢሉ ላለችው እናቴ 1,500 እልካለሁ። ሱቅ የ4,000 ብር ዱቤ አለብኝ። በዚያ ላይ ለግሸን ማርያም 5,000 ብር ተስዬ የለመንኩት ተፈጽሞልኛል። አሥራት ለማውጣት የእናቴን ላቁም? ስእለቱንስ ተበድሬ ልክፈል? የቅሬ (የዕድር) መዋጮስ ከአሥራት ይታሰብልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የለመንሽውን የሰጠሽ አምላክ ይመስገን። ከእናትሽ ልጀምር፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

የእናትሽን እንዳትነኪው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንን የወቀሰው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሰው አባትና እናቱን የሚረዳበትን ገንዘብ «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ካለ፣ ወላጆቹን እንዳይረዳ ይፈቅዱለት ነበር። ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር አለው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን ክዷል ይላል፤ ከማያምን ሰው የከፋ ነው ይላል። እናቱን አስርቦ የሚሰጥ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን ብሎ ይቆማል?

ይህ ማለት ግን አሥራቱ ይቅር ማለት አይደለም። የአንቺ 900 ብር ነው። ከተረፈኝ እሰጣለሁ ካልሽ መቼም አይተርፍሽም። ደመወዝ የገባ ዕለት፣ ለእናትሽ በቴሌብር ስትልኪ፣ አሥራቱንም አብረሽ ለይው። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናንን ያላቸው ይህንኑ ነው፤ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንዳገኘው መጠን ለይቶ በቤቱ ያስቀምጥ። ለአጥቢያሽ ሰበካ ጉባኤ ስጪና ደረሰኝ ተቀበይ። ደረሰኝ መጠየቅ አያሳፍርም። ጳውሎስ ራሱ ያንን ገንዘብ ወደ ኢየሩሳሌም እልካለሁ ያለው ምእመናኑ በመረጧቸው ሰዎች እጅ ነው።

ሚልክያስ ምዕራፍ 3ን እየጠቀሰ «900 ስጪ፣ 9,000 ይመለስልሻል» የሚልሽን ሰው ግን አትስሚው። የሰማይ መስኮት ይከፈታል የተባለው እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው ላይ «በቤቴ ውስጥ መብል እንዲሆን» ይላል። በዘዳግም 14 እንደተጻፈው የሦስተኛው ዓመት አሥራት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ወላጅ አልባውና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ነበር። እግዚአብሔርን እንደ ዕቁብ ዳኛ ዕጣዬ መቼ ነው ብለን አንጠይቀውም።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንየው። አሥራት፣ ኪራይና የእናትሽ ሲወጣ 3,600 ይቀርሻል። ከዚያ ላይ አዲስ ዱቤ ሳትጨምሪ በወር 500 ለሱቁ ክፈይ፤ በስምንት ወር ያልቃል። መዝሙሩ «ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» ይላልና ዱቤውን እንደ ቀላል አትይው። ባለሱቁም ዕቃ የሚያመጣው በዚያው ብር ነው። ሌላ 500 ለስእለቱ አስቀምጪ። ከዚህ ኅዳር እስከ ነሐሴ 5,000 ይሞላል፤ መስከረም 21 ለንግሡ አምባሰልን ስትወጪ በእጅሽ ይኖራል። የሚቀረው 2,600 ነው። ለወር ወጪ ይጠብባል፣ አውቃለሁ። አንድ ወር ከታመምሽ የሱቁን ንገሪውና አስተላልፊው፤ ይረዳሻል ብዬ አምናለሁ።

ለስእለት ብለሽ ግን አትበደሪ። መጽሐፈ መክብብ ተስለህ አትዘግይ የሚለው ችላ እንዳንል ነው። ለሌለው ሰው ደግሞ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 መልስ አለው፤ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው እንዳለው መጠን ነው፣ እንደሌለው አይደለም። ይህን የ10 ወር ሐሳብ ለንስሐ አባትሽ አቅርቢና በእሳቸው ፈቃድ ጀምሪው። ወደፊት ስትሳዪ ደግሞ አቅምሽን አይተሽ ተሳዪ። ጧፍም ስእለት ነው፣ ዕጣንም ስእለት ነው።

የቅሬው መዋጮ ከአሥራት አይታሰብም። ቅሬ ለቅሶ ሲደርስብሽ አንቺኑ የሚያነሣሽ መረዳጃ ስለሆነ ከኑሮ ወጪሽ ይቆጠራል። በቅሬው ውስጥ ላለች ችግረኛ ጎረቤትሽ ከመዋጮው ውጪ የምትሰጪው ግን ምጽዋት ነው፤ ሙስሊምም ብትሆን።